ኮሚሽነሩና የሲሚንቶው ደብተር

(በማኅበራችን ዓመታዊ የመስክ ጉብኝት ወቅት፣ በአርሲ ሮቤ፣ ከእራት በኋላ የተደረገ ንግግር)



ለዛሬው ምሽት አንድ ንግግር እንዳዘጋጅ በተጠየቅሁ ጊዜ ርእሱን ራሴ እንድመርጥ ተፈቅዶልኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ ስለ ጠጠር፣ ስለ ፌሮና ስለ ጎርፍ መውረጃ ሲነጋገሩ የዋሉ ሰዎች ማታም በዚያው ቢቀጥሉ እራቱ አይረጋላቸውም ብዬ ስላሰብሁ፣ ስለ አንድ የሕንድ የፖሊስ ፊልም ልነግራችሁ ቆርጬ መጥቻለሁ። በአንዳንዶቻችሁ ፊት ላይ ፈገግታ አያለሁ። ፈገግታችሁን አቆዩልኝ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ወደ አርማታ መመለሱ አይቀርም።

በመጀመሪያ ግን ስላለንበት ቦታ አንድ ቃል ልበል። ይህች ሮቤ የአርሲዋ ሮቤ ናት። የባሌዋ ሮቤ የዞን ከተማ በመሆንዋ፣ አውሮፕላን ማረፊያም ስላላት፣ ስሙን ጠቅልላ ወስዳዋለች። እኛ የዚህች ሮቤ ልጆች አገራችንን ስንጠየቅ «የአርሲዋ» ብለን መጨመርን የተማርነው ገና ከሕፃንነታችን ነው። አንድ ጊዜ ለዚህ አካባቢ ሥራ የታዘዘ ፌሮ የጫነ መኪና ባሌ ደርሶ፣ ሾፌሩ «ሳይቱ የት ነው?» እያለ ሦስት ቀን ሙሉ ሲጠይቅ መክረሙን አስታውሳለሁ።

እኔ ልጅ በነበርሁበት ጊዜ፣ በ1993 ዓ.ም. ገደማ፣ የሲኒማ ዕውቀታችን ሁሉ የመጣው ከቪዲዮ ቤት ነበር። ከመካከላችሁ በገጠር ከተማ ያደገ ሰው ቪዲዮ ቤትን ሳልነግረው ያውቀዋል። ግድግዳው ጭቃ፣ መስኮቱ በጆንያ የተደፈነ፣ አግዳሚዎቹ ካልተላገ ጣውላ የተመቱ፤ ከፊት ለፊት አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ዴክ፤ ከበሩ ላይ በጠመኔ የተጻፈበት ጥቁር ሰሌዳ። ሰሌዳው ላይ የፊልሙ ስም አይጻፍም። «ሕንድ» ወይም «አክሽን» ተብሎ ይጻፋል፤ ፖሊስ ያለበት እንደ ሆነ ደግሞ «ሕንድ አክሽን» ይባላል፤ ያን ቀን ቦታ አይገኝም። የአርሲ ደጋ ብርድ ምን እንደሚመስል ዛሬ ማታ በጋቢያችሁ ውስጥ ሆናችሁ እየቀመሳችሁት ነው፤ እኛ ግን ሰባና ሰማንያ ሆነን በዚያች ክፍል ታጭቀን ስንቀመጥ ላብ ያጠምቀን ነበር።

ሂንዲ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሆኖም ከኋላ በኩል የሚቀመጥ አንድ ጎረምሳ ነበረ፤ አፉን ሞልቶ ይተረጉምልናል። ኋላ ስደርስበት የሚተረጉመው ከገዛ ልቡ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ አልሳተም፤ የፖሊስ ፊልም ሁሉ ሕጉ አንድ ስለ ሆነ። አንድ ንጹሕ መኰንን አለ፤ አንድ ነጭ ጫማ የሚጫማ ባለጸጋ አለ፤ አንድ ባለጸጋውን የሚያቅፍ ባለሥልጣን አለ። መኰንኑ ይገፋል፣ ይታገዳል፣ ዘመድ ይሞትበታል፤ በመጨረሻ ቀበቶውን አጥብቆ ይነሣል። አክተር አይሞትም። ይህን ሕግ የሮቤ ሕፃናት ከአባታችን ሆይ ቀጥለው ያውቁት ነበር ብል ብዙ አላጋነንሁም።

ከዚያ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። በእነዚያ ዓመታት በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የሕንድ መምህራን ቁጥር ብዙ እንደ ነበረ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። የስትራክቸር ትምህርት ያስተማረኝም ከኬረላ የመጣ ሰው ነበረ። አንድ ቀን የሕንድ ፊልም እንደምወድ ብነግረው፣ «የትኛውን ሕንድ?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። እኔ ሕንድ አንድ ቋንቋና አንድ ሲኒማ ያላት ይመስለኝ ነበር። እርሱ ግን የሚናገረው ማላያላም የሚባል ቋንቋ ነው፤ ኬረላም በደቡብ ምዕራብ ሕንድ፣ በዐረብ ባሕር ዳር የምትገኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 እንደ ክፍለ አገር የተዋቀረች፣ የራስዋ ፊደል፣ የራስዋ ሥነ ጽሑፍና የራስዋ ፊልም ያላት አገር ናት። ፊደሉን በሰሌዳ ላይ ጽፎ ሲያሳየኝ፣ እንደ እኛው ፊደል ተነባቢውና አናባቢው አብረው የሚሄዱበት መሆኑን አይቼ ተደነቅሁ። የመጀመሪያው የማላያላም ድምፃዊ ፊልም «ባላን» የወጣው እ.ኤ.አ. በ1938 መሆኑን፣ በ1965 የተሠራው «ቸሚን» ደግሞ የሕንድን ፕሬዚዳንት የወርቅ ሜዳልያ ማግኘቱን የነገረኝም እርሱ ነው።

ነገሩን ለአባቴ ብነግረው ሳቀብኝ። ለካስ እርሱም ከአብዮቱ በፊት አሰላ ሁለተኛ ደረጃ ሲማር ሒሳብ ያስተማረው ከዚያው ከኬረላ የመጣ መምህር ኖሯል። በንጉሡ ዘመን ከዚያ አገር ወደ ኢትዮጵያ የመጡ መምህራን በአያሌ ትምህርት ቤቶች ተሠማርተው ነበር። ከእነርሱም አንዱ፣ ፖል ቨርጊስ የተባለ ወጣት፣ እ.ኤ.አ. በ1947 በመምህርነት መጥቶ አማርኛ አጥርቶ ከተማረ በኋላ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ረዳት እስከ መሆን ደርሷል፤ በአገሩም ጳውሎስ ማር ግሪጎሪዮስ ተብሎ ጳጳስ ሆኗል። ስለዚህ ኬረላ ለእኛ ሩቅ አገር አይደለችም። አባትና ልጅ፣ አንዱ ከሌላው ሳያውቅ፣ የዚያችው አገር ሰዎች አስተምረውናል።

መምህሬ በአንድ ቅዳሜ ምሽት በኮምፒዩተሩ ያሳየኝ ፊልም «ኮሚሽነር» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ ነው። ዲሬክተሩ ሻጂ ካይላስ፣ ደራሲው ሬንጂ ፓኒከር፣ ዋናው ተዋናይ ሱሬሽ ጎፒ ይባላሉ። ደራሲው አስቀድሞ ጋዜጠኛ እንደ ነበረ ከተረዳሁ በኋላ የፊልሙ ጠባይ ገባኝ፤ እያንዳንዱ ንግግር እንደ ርእሰ አንቀጽ ነውና። ባራትቻንድራን የተባለው ወጣት የፖሊስ ኮሚሽነር ከጡጫው ይልቅ የሚፈራው በአንደበቱ ነው። ሚኒስትሩ ፊት ይቆማል፣ ባለጸጋው ፊት ይቆማል፣ የገዛ አለቃው ፊት ይቆማል፤ ከዚያም ማላያላሙን ከእንግሊዝኛ እያደባለቀ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ትንፋሽ ሳይወስድ፣ የሰዎቹን ኃጢአት በየፊታቸው ይዘረዝርላቸዋል። ፊልሙ በኬረላ ከመወደዱም በላይ ወደ ቴሉጉ ቋንቋ ተመልሶ በዚያ ቋንቋ ተናጋሪዎችም ዘንድ ተመልካች አጥለቅልቆታል። በማግሥቱ ዓመት እነዚሁ ዲሬክተርና ደራሲ «ዘ ኪንግ» የሚል ፊልም ሠርተው፣ በፖሊሱ ፈንታ አንድ የአውራጃ አስተዳዳሪ እንዲያ እንዲናገር አደረጉ። በ2005 ደራሲው ራሱ ዲሬክተር ሆኖ ባራትቻንድራንን መልሶ አመጣው። ተዋናዩም እ.ኤ.አ. በ2024 ለሕንድ ምክር ቤት ተመርጦ በፌዴራሉ መንግሥት ሚኒስትር ዴኤታ ሆኗል። በፊልም ሚኒስትሮችን ሲያፋጥጥ የኖረ ሰው መጨረሻው ይህ መሆኑን ያለ አስተያየት አልፈዋለሁ።

እንዲህ ያለው መኰንን ከየት መጣ? ዘሩ ከሰሜን ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ፕራካሽ መህራ «ዛንጂር» በተባለው ፊልም አሚታብ ባቻንን ኢንስፔክተር አድርጎ ባቀረበ ጊዜ፣ እስከዚያ ድረስ በአበባ መካከል ሲዘፍን የኖረው የሕንድ አክተር ፊቱን አኮማተረ። ያ ኢንስፔክተር በሐሰት ጉቦ ተቀበለ ተብሎ ይታሰራል፤ ከእስር ሲወጣ የደንብ ልብስ የለውም፤ ቁጣው ግን አለ። በኬረላም በ1986 አይ. ቪ. ሳሲ «አቫናዢ» የተባለውን ፊልም ከማሙቲ ጋር ሠርቶ ኢንስፔክተር ባልራምን ለሕዝብ አስተዋወቀ። «ኮሚሽነር» የእነዚህ ልጅ ነው።

የኬረላ ተመልካች ግን ስለ ፖሊስ አንድ ሌላ ነገር ያውቃል። መምህሬ ይህን የነገረኝ ፊልሙ አልቆ ኮምፒዩተሩን ከዘጋ በኋላ ነበር፤ ድምፁንም ዝቅ አድርጎ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1976፣ በሕንድ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ወቅት፣ ራጃን የተባለ ተማሪ በፖሊስ ተወሰደ። ተማሪነቱ በካሊከት የምሕንድስና ኮሌጅ ነበር፤ እንደ እናንተና እንደ እኔ ማለት ነው። ከተወሰደበት አልተመለሰም፤ በፖሊስ እጅ ሞቷል፤ ሬሳውም አልተገኘም። አባቱ መምህር ነበሩ። አዋጁ ሲነሣ በፍርድ ቤት «ልጄን አቅርቡልኝ» ብለው አመለከቱ፤ በጉዳዩም ምክንያት በዚያን ጊዜ የኬረላ ዋና ሚኒስትር የነበሩት ሰው በ1977 ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በዚህ ታሪክ መነሻነት ሻጂ ካሩን በ1988 «ፒራቪ» የተባለውን ፊልም ሠራ፤ በማግሥቱ ዓመት በካን የፊልም በዓል የክብር ማስታወሻ አግኝቷል። በዚያ ፊልም ውስጥ ጡጫ የለም። አንድ ሽማግሌ አባት አውቶቡስ ማቆሚያ ድረስ እየወጣ ልጁን ይጠብቃል።

ሕንዶች ራሳቸው ይህን ዐይተው ዝም አላሉም። በ1983 ጎቪንድ ኒሃላኒ «አርድ ሳትያ» የተባለውን ሲሠራ ንጹሕና ቁጡ የሆነውን ኢንስፔክተር ወስዶ እስከ መጨረሻው ተከተለው። ኢንስፔክተሩ ትልቁን ሌባ መንካት ያቅተዋል፤ ትልቁን የሚጠብቁ ትልልቆች አሉና። ቁጣው ግን የትም አልሄደም፤ አንድ ቀን ሬዲዮ ሰረቀ ተብሎ በተያዘ አንድ ምስኪን ላይ ወረደ፤ ሰውየውም በጣቢያው ውስጥ ሞተ። እባካችሁ ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

በእኛ አገርስ? «ፖሊስና እርምጃው» ጋዜጣን ገልጦ የወንጀል ታሪኩን በአንድ ትንፋሽ ያላነበበ ከእኛ መካከል ስንቱ ነው? በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ይታይ የነበረውን «ሰው ለሰው» ድራማም አስታውሱ። አገር ሁሉ በየሳምንቱ ሥራውን አቁሞ ሲመለከተው፣ በሁሉም አፍ ላይ የቀረው ስም የአስናቀ ነበረ፤ የክፉው ሰው ማለት ነው። መርማሪው ስሙ ማን እንደ ነበረ ብጠይቃችሁ ጥቂቶቻችሁ ብቻ ትመልሳላችሁ። ይህ በእኔ ግምት ለተዋናዩ ችሎታ ምስክር ከመሆኑም ሌላ፣ እኛ ኢትዮጵያውያን የሚያፋጥጠውን ሰው ብቻ ሳይሆን የሚያመልጠውንም እንደምናደንቅ ያሳያል። ክርክሩን ለራት ሰዓት ትቼዋለሁ።

አሁን ወደ ሥራችን ልቅረብ። በ2008 ዓ.ም. ከዚህ ብዙ በማይርቅ የገጠር መንገድ ላይ የአማካሪው ድርጅት የሳይት መሐንዲስ ሆኜ ተመደብሁ። ዕድሜዬ ሃያ ስድስት ነበር። በካምፑ ውስጥ ማታ ማታ ሌላ መዝናኛ ስላልነበረ፣ አንድ ቀን ከመምህሬ የቀዳሁትን «ኮሚሽነር» በላፕቶፔ ከፍቼ ለሠራተኛው አሳየሁ። ከፊት ሕፃን የታቀፉ የወጥ ቤት ሠራተኞች፣ ከኋላ የቀን ሠራተኞች፣ ጥግ ላይ ዘበኛው ከነበትሩ። ማላያላም የሚሰማ አልነበረም፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈውንም የሚያነብ ጥቂት ነበረ። ሆኖም ኮሚሽነሩ አንድ ባለሥልጣን ፊት ቆሞ ንግግሩን ሲያወርደው ካምፑ በጭብጨባ ተናወጠ። ትርጕም አላስፈለገም።

ከሁሉ በኋላ፣ ሰዉ ሲበተን፣ ፎርማኑ ወደ እኔ ቀረቡ። የሥራ ተቋራጩ ፎርማን በዕድሜ አባቴን የሚያህሉ የዚሁ አካባቢ ሰው ነበሩ፤ ግንበኝነትን የጀመሩት በልጅነታቸው ነው። «ኢንጂነር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉኝ። «ይህ ሰውዬ ሪፖርቱን የሚጽፈው መቼ ነው?» ሁላችንም ሳቅን። እርሳቸው ግን አልሳቁም።

ያን ጊዜ ያልጠየቅሁት አንድ ሌላ ጥያቄ አለ፤ በእነዚህ ሁሉ ፊልሞች ውስጥ መሐንዲሱ የት አለ? በአብዛኛው የለም፤ ካለም ጉቦ ተቀባይ ነው፣ ወይም በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ይገደላል። የእኛ ነገር በሚገባ የገባበትን ፊልም ያገኘሁት ቆይቼ ነው፤ እርሱም የማላያላም ነው። ኬ. ጂ. ጆርጅ እ.ኤ.አ. በ1984 የሠራው «ፓንቻቫዲ ፓላም» ይባላል፤ «ፓላም» ድልድይ ማለት ነው። የአንድ መንደር ምክር ቤት ሰብሳቢ ለስሙ መጠሪያ ሲል ደኅናውን ድልድይ አስፈርሶ አዲስ ያሠራል። ሁሉም ከአዲሱ ድልድይ ድርሻውን ያነሣል። በምረቃው ቀን ድልድዩ ይደረመሳል፤ የሚሞተውም አንድ ድኻ አካል ጉዳተኛ ነው። ፊልሙ ቀልድ ነው፤ ተመልካቹ እስከ መጨረሻው ይስቃል።

ቀልድ መሆኑ ግን ከሠላሳ ዓመት በኋላ አበቃ። በኬረላ ትልቅ ከተማ በኮቺ፣ ፓላሪቫቶም በተባለ መስቀለኛ መንገድ ላይ የተሠራ ተሻጋሪ ድልድይ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016 ለተሽከርካሪ ተከፈተ። ሦስት ዓመት ሳይሞላው፣ በግንቦት 2019፣ በተሸካሚ አካሎቹ ላይ ስንጥቅ ስለ ታየ ተዘጋ። የፀረ ሙስና ፖሊስ ምርመራ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት የሥራዎች መሥሪያ ቤቱ ከፍተኛ ኃላፊ የነበረ ሰው ታሰረ፤ በማግሥቱ ዓመትም ድልድዩ ሲሠራ ሚኒስትር የነበረው ሰው ተያዘ። ድልድዩ በጭነት ተፈትኖ ይታይ የሚለውና ጊዜ ሳይጠፋ ይፍረስ የሚለው ክርክር እስከ ሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ መንግሥት እንደገና እንዲሠራው በመስከረም 2020 ተፈቀደለት። ሥራውን በኃላፊነት የተመለከቱት ኢ. ስሪድሃራን ናቸው፤ በ1964 በማዕበል የፈረሰውን የፓምባን የባቡር ድልድይ በ46 ቀን የጠገኑ፣ የዴልሂን ሜትሮ ያሠሩ፣ ራሳቸውም የኬረላ ተወላጅ የሆኑ መሐንዲስ። ድልድዩ በመጋቢት 2021 ተመልሶ ተከፈተ። በዚያ ሁሉ ጊዜ በኬረላ ሰው አፍ ላይ የነበረው የዚያ የ1984ቱ ፊልም ስም ነበር።

እነሆ በዚህ ታሪክ ውስጥ ፖሊስ አለ፣ ሚኒስትር አለ፣ እስር አለ። ሆኖም ፖሊሱ የመጣው ስንጥቁ ከታየ በኋላ ነው። ከስንጥቁ በፊት በቦታው መገኘት የነበረበት ሰው ሽጉጥ የለውም፤ የያዘው የስላምፕ ጣሳና ብዕር ነው። ያ ሰው እኛ ነን፤ እኔም በዚያ ቦታ ቆሜ ያደረግሁትን ልንገራችሁ።

ከፊልሙ ምሽት በኋላ ሁለት ወር ያህል አልፎ ነበር። የአንድ አነስተኛ ድልድይ የክንፍ ግድግዳዎች ይሞላሉ። ታዝዞ የነበረው ሲ-25 አርማታ ነው። የኪዩብ ውጤቶች በየጊዜው ይመጡልኝ ነበር፤ ሁሉም ከ25 በላይ ናቸው። ነገር ግን ስድስቱን ውጤት በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ስጽፋቸው በመካከላቸው የአንድ ሜጋፓስካል ልዩነት እንኳ የለም። በሳይት ላይ በሣጥን እየተሰፈረ የሚቦካ አርማታ፣ አሸዋው አንድ ቀን ርጥብ አንድ ቀን ደረቅ በሚሆንበት አገር፣ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት ደጋ፣ እንዲህ አንድ ዐይነት ውጤት እንደማይሰጥ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የአርማታ ውጤት ከመጠን በላይ ሲያምር ሊያስፈራን ይገባል። ለኪዩቡ የሚሆነው ለብቻው እየተቦካ መሆኑ ገባኝ።

እስከዚህ ድረስ መሐንዲስ ነበርሁ። በማግሥቱ ጠዋት ሳይት ስደርስ ግን ሚክሰሩ የሚተፋው አርማታ ገርጥቶ፣ ውሃው ከጠጠሩ ተለይቶ ሲወርድ አየሁ፤ ደሜ ፈላ። ያን ጊዜ የሆንሁት ባራትቻንድራንን ነው። በሠራተኛው ፊት ቆሜ፣ አማርኛዬን ከእንግሊዝኛ እያደባለቅሁ፣ ስለ ሌብነት፣ ስለ አገር፣ ስለ ድኻ ገበሬ ተናገርሁ። ትንፋሽ የወሰድሁም አይመስለኝም። በርጥብ ጆንያ ተሸፍነው የተቀመጡትን ኪዩቦች አንድ በአንድ እያነሣሁ ወደ ገደሉ ወረወርኋቸው። ፎርማኑንም በጣቴ እያመለከትሁ «ዛሬውኑ ከዚህ ሳይት ውጡ!» አልኋቸው። ሠራተኛው አጨበጨበ። አንዱ በስልኩ ቀርጾታል። ፎርማኑ አንድ ቃል አልመለሱም፤ ካፖርታቸውን ከሚስማሩ አውርደው ሄዱ።

የሚቀጥለውን ሳምንት ስብሰባ ፊልም አያሳየውም። የተቋራጩ ተወካይ በጣም ትሑት ሰው ነበረ። «የተባሉት ኪዩቦች የት አሉ?» ብሎ ጠየቀ። ገደል ውስጥ ናቸው። «በሳይት መዝገቡ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ አለ?» የለም። «ሥራው እንዲቆም የታዘዘበት ደብዳቤ ቁጥሩ ስንት ነው?» ደብዳቤ አልተጻፈም። «ጥፋት ነበረ ከተባለም የፎርማኑ ነው፤ እርሱን ደግሞ ኢንጂነሩ አባርሮታል፤ እኛም ተቀብለነዋል» አለ። ሥራው ለቆመባቸው አሥራ አንድ ቀናትም ካሣ ተጠየቀበት፤ በከፊል ተከፈለ። ማስረጃውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋተኛውን ነጻ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ግድግዳው እንደ ቆመ ቀረ። የ«አርድ ሳትያ»ን ኢንስፔክተር ያነሣሁላችሁ ስለዚህ ነበር፤ የእኔ ቁጣ ሰው አልገደለም፤ ግን ትልቁን ትቶ የወረደው የቀን እንጀራውን በሚበላ ሽማግሌ ላይ ነው።

ከአራት ወር በኋላ እዚሁ ሮቤ ገበያ ውስጥ አገኘኋቸው። ከአንድ ገብስ ነጋዴ ዘንድ ሚዛን ላይ ይሠሩ ነበር። አንገቴን ደፍቼ ሰላም አልኋቸው። ሻይ ጋበዙኝ፤ እኔ ልጋብዝ ብል እምቢ አሉ። ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ስንዴው ዋግ ተጫወትን። በመጨረሻ የይቅርታ ነገር ስጀምር ከካፖርታቸው ውስጥ አንድ የተማሪ ደብተር አወጡ። በየቀኑ ስንት ከረጢት ሲሚንቶ ወደ ሚክሰሩ እንደ ገባ፣ ስንት ሜትር ኩብ እንደ ተሞላ፣ ከረጢቱ ከመጋዘን ወጥቶ ወደ ሌላ ቦታ የሄደበትን ቀን ሳይቀር፣ በቁም ጽሕፈት ጽፈውበታል። ለአንድ ሜትር ኩብ ከሰባት ከረጢት በላይ መግባት ሲገባው፣ በእነዚያ ቀናት አምስት ተኩል ነበር የገባው።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልሁ።

«አንተ ጮኽህ እንጂ መቼ ጠየቅኸኝ ልጄ?» አሉኝ።

በደብተሩ ኮፒ ላይ ተመሥርቼ ደብዳቤ ጻፍሁ፤ ይህኛው ቁጥርም ቀንም ነበረው። ከግድግዳው ላይ ሦስት የኮር ናሙናዎች ተቆርጠው እንዲፈተኑ ተፈቀደ። በብዙ ቦታ የሚሠራበት የአሜሪካ ኮንክሪት ኢንስቲትዩት ደንብ የሦስቱ አማካይ ከታዘዘው ከ85 በመቶ እንዳያንስ፣ ከሦስቱም አንዱ ከ75 በመቶ በታች እንዳይወርድ ይጠይቃል። የእኛዎቹ በሁለቱም ወደቁ። ተቋራጩ የግራውን የክንፍ ግድግዳ በራሱ ወጪ አፍርሶ እንደገና ሠራ። ማንም አልታሰረም፤ ማንም አላጨበጨበም። ለእኔም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል፤ ይገባኝ ነበር።

ለፎርማኑ ጥፋቱ የእርሳቸው እንዳልነበረ የሚገልጽ ደብዳቤ ጽፌ ወሰድሁላቸው። ገልብጠው አዩት፣ ማኅተም እንዳለው አረጋገጡ፣ ለሁለት አጥፈው ደብተሩ ውስጥ አስገቡት። ዋናውን ደብተር ለመዝገብ ቤታችን እንዲሰጡኝ ብለምናቸው ግን እስከ ዛሬ እምቢ እንዳሉ ነው። ወደ ተቋራጩም አልተመለሱም።

ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት የምንጎበኘው ያንኑ ድልድይ ነው። የግራው ግድግዳ ከቀኙ መልኩ ጠቆር ያለ ስለ ሆነ ሳልነግራችሁ ትለዩታላችሁ። የቀኙ ግን ያን ጊዜ ናሙና አልተወሰደበትም፤ ገንዘቡ አልበቃም ተብሎ ነው። ከመካከላችሁ የሽሚት መዶሻ ይዞ የመጣ ቢኖር ዛሬ ማታ ይንገረኝ። ወንዙ ስለ ሞላ ቦቲ ጫማ ያላችሁ አድርጉ።